ውሃ ልክ

ካስሙሪ የቀረጸው ሠርግ ሁሉ የሚጀምረው በብስኩት ነው። ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን የሽሪምፕ ብስኩት ቆርቆሮ ካሜራው ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ያልፈዋል፤ ቀጥሎ የእንግዶቹን ጫማ፣ ቀጥሎ ሻይ የምትቀዳውን ሴት እጅ። ሙሽራዋ ጋ ሲደርስ ግማሹ ተመልካች ተነስቶ ሄዷል። አንዴ የሙሽራው አጎት «እሱ እስኪደርስላት እኮ ልጅቷ ትወልዳለች» ብሎ ዳሱን በሳቅ አፍርሶታል። ካስሙሪ አይቀየምም። የቸኮለ በስልኩ ይቅረጽ ይልና ካሜራውን ወደ ሐዲዱ መጀመሪያ መልሶ እንደገና ያንሸራትታል።

ያንን ሐዲድ የሠራሁለት እኔ ነኝ። ስሜ ታስሪፒን ነው፤ ሰፈሩ ካንግ ታስ ይለኛል፣ ታላቅ ወንድም ታስ እንደማለት። ሥራዬ ግንበኝነት ነው። ሱቅ የሚሸጠው የካሜራ ሐዲድ፣ ስላይደር የሚሉት፣ ዋጋው የማይቀመስ ስለሆነበት፣ ከተጣለ መስኮት አሉሚኒየም ቆርጬ፣ ከልጆች መንሸራተቻ አራት ኩሽኔታ ፈትቼ ገጣጠምኩለት። ትንሽ ይንጫጫል። በሱ ቪዲዮዎች ላይ ሁሉ ሙዚቃ የሚበዛው ያንን ጩኸት ለመሸፈን ነው።

ካሜራውን የገዛው የዓሣ ኩሬው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ምርት በሰጠበት ዓመት ነው። ሚስቱ ሮፋህ ዓሣ አጭሳ ትሸጣለች። ፍሪጅ ያስፈልገናል ተባብለው ተስማምተው፣ ፍሪጅ ሊገዛ ብሎ ሰማራንግ ከተማ ሄዶ ያገለገለ ካሜራና ሁለት ሌንስ ይዞ ተመለሰ። አንደኛው ሌንስ ውስጡ ሻግቷል። ሮፋህ ሦስት ቀን አላናገረችውም። በአራተኛው ቀን ጢሱ መሃል ቆማ ዓሣ ስታገላብጥ ቀርጾ አሳያት፤ እሷም ብዙ ካየችው በኋላ ይሄን ያህል ጠቁሬያለሁ እንዴ ብቻ አለች። በቀጣዩ ዓመት ባሕሩ ግድቡን ጥሶ ኩሬውን ወሰደው። ፍሪጁ ቢገዛም ኖሮ የሚገባበት ዓሣ አይኖርም ነበር እያለ ራሱን ያጽናና ነበር። ይህን ሮፋህ ፊት ባይለው ይሻለው ነበር።

ለሠርጉ የሚከፈለው ምሳ ነበር፤ ሙያዬ ነው ብሎም አያውቅም። የሚወደው ሌላ ነገር ነው፣ ታይምላፕስ የሚሉትን። ካሜራውን አንድ ቦታ ተክለህ፣ በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ፎቶ እያነሳህ፣ ሙሉውን ቀን ወደ ግማሽ ደቂቃ ታጥፈዋለህ። ጨው ሲደርቅ፣ ደመና ወደቡ ላይ ሲከማች፣ የታሰረች ጀልባ ጥላዋ ሲዞር ያነሳ ነበር። አንዴ የሮፋህ ዓሣ ከጥሬው እስኪጠቁር ስድስት ሰዓት ጢስ ውስጥ ተቀምጦ አሥራ ሁለት ሰከንድ አወጣበት። ዓይኑ ሁለት ቀን ሙሉ በርበሬ መስሎ ሰነበተ፤ እሱ ግን ደስ ብሎት ቤት ለቤት እየዞረ ያሳያል። በዚህን ያህል ትንሽ ነገር ደስ የሚለው ሰው አላየሁም። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሌላ አገር ግንበኛ ቤት ይሠራል፤ እኛ ሞሮሬና ላይ ግንበኛ ወለል ያነሳል። ከሰማራንግ በስተምሥራቅ ወደ ባሕሩ ስትወርድ የመጨረሻዋ መንደር እኛ ነን። መሬቱ ይሰምጣል፣ ባሕሩ ይመጣል፣ እኛ አፈር ደልድለን ሲሚንቶ አፍስሰን እንወጣበታለን። በሁለት በሦስት ዓመቱ እንዲሁ ነው። ጣሪያው ግን ባለበት ስለሚቆይ ቤቱ ከሥሩ እያጠረ ይሄዳል። የካስሙሪን ቤት ሦስት ጊዜ አንስቼዋለሁ፤ በሩ ደረት ድረስ ቀርቶ ሰው ሁሉ እያጎነበሰ ይገባል፣ መስኮቱ ቁርጭምጭሚት ጋ ወርዷል። አንዱ ሲያነሳ ሌላውም የግድ ያነሳል፣ አለዚያ የጎረቤቱ ውሃ እሱ ጋ ያድራል። ስለዚህ መንገዱንም፣ ድልድዩንም፣ የመስጊዱን ወለልና ደረጃም እናነሳለን። መቃብሮቹን እንኳ ዙሪያቸውን በሲሚንቶ አጥሬ ከፍ አደርጋቸዋለሁ። በሞሮሬና ከእጄ ያላለፈ ከፍታ አልነበረም፤ በዚህም እኮራ ነበር።

ዋፊ የካስሙሪና የሮፋህ አንድ ልጅ ነበር። ስድስት ዓመቱ ነው። አባቱ ለሥራ ሐዲዱን ሲዘረጋ እሱ የፕላስቲክ ዳይኖሰሩን ያስቀምጥበትና ባቡሩ ዘግይቷል ይላል። በዝናቡ ወር የደንጌ ትኩሳት ያዘው። ሰኞ ትምህርት ቤት ውሎ መጣ፣ ቅዳሜ ቀበርነው። ከመስጊዱ ኋላ ያለው መቃብር ላይ የልጆቹ ረድፍ በባሕሩ ጠርዝ፣ ከሌላው ራቅ ብሎ ነው፤ እዚያ አስቀመጥነው።

በእኛ ዘንድ ሺህ ቀን ሳይሞላ ቀብር ላይ ምንም አይገነባም። ከእንጨት የተቆረጠ ምልክት ራስጌው ላይ ይተከላል፣ በቃ። ሺኛው ቀን ላይ ዱዓ ተደርጎ፣ ጎረቤት ሩዙን በልቶ፣ ድንጋዩ ያን ጊዜ ይቀመጣል። ከዚያ በፊት ሲሚንቶ ይዞ መቅረብ ሟቹን ማጣደፍ ነው ይባላል። ግንበኛ ብሆንም ይህን አልደፍርም። የሰፈሩን መቃብር ሁሉ ከፍ ሳደርግ የዋፊን ሳልነካ አለፍኩት።

ካስሙሪ ከዚያ በኋላ ሠርግ አልቀረጸም። አርባው አልፎ አንድ ቀን እቤቴ መጣና ለካሜራው የብረት ማቆሚያ እንድሠራለት ጠየቀኝ። የሚቆመው በመስጊዱ የኋላ በረንዳ፣ ፊቱን ወደ መቃብሩና ወደ ባሕሩ አድርጎ ነው። በየቀኑ ውሃው ከፍ በሚልበት ሰዓት አንድ ፎቶ ብቻ ሊያነሳ ነው። በራሱ የሚያነሳ መሣሪያ እንዳለው ስለማውቅ ለምን በየቀኑ ትመላለሳለህ አልኩት።

«መሣሪያው ሰዓት እንጂ ባሕር አያውቅም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ባሕሩ የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ ይሸሻል። እኔ ግን ሌላም ምክንያት እንዳለው ገብቶኛል። ልጁ ጋ በየቀኑ የሚሄድበት ሥራ ፈልጎ ነው። አልተናገርኩትም።

ማቆሚያውን በረንዳው ላይ ስተክል አጠገቤ ቆሞ አጥብቆ ያሳሰበኝ አንድ ነገር ነበር፤ ካሜራው ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃያ መሆን አለበት። አንድ ጣት ከተዛነፈ ፎቶዎቹ ሲገጣጠሙ ሥዕሉ ይዘላል አለ። እኔም ውሃ ልኬን አውጥቼ፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለችው አረፋ መሃል ላይ እስክትቆም ታግዬ አስተካከልኩለት። የመስጊዱን ወለል መጀመሪያ ስድሳ ሳንቲም፣ ቀጥሎ ግማሽ ሜትር ስናነሳ፣ ሁለቱንም ጊዜ ብረቱን ነቅዬ አዲሱ ወለል ላይ ተከልኩት። አንድ ሜትር ከሃያ፣ ልክክ አድርጌ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ካስሙሪ ለክቶ ሲያበቃ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ሮፋህ ወደ መቃብሩ መሄድ ካቆመች ቆይታለች። ወደ ልጆቹ ረድፍ የሚወስደው መንገድ ጉልበት ድረስ ውሃ ሆነ፣ ልቧም እምቢ አላት። ካስሙሪ ለምሳ ሲመለስ ግን ሳህኑን ከማስቀመጧ በፊት ሁልጊዜ ትጠይቀዋለች።

«የዋፊ አባት፣ ምልክቱ አለ?»

«አለ።»

ከዚያ ሩዙን ትጨልፋለች።

አንድ ዓርብ ከጸሎት በኋላ የመንደሩ ሹም አስቀመጠንና ወሬ ነገረን። ባሕሩ ለሚበላቸው መንደሮች ኮረብታው ጋ መሬት ሊሰጥ ነው። ዝርዝሩን የሚያወጣ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ዝርዝሩ ውስጥ የገባ መንደር ከነመስጊዱ፣ ከነሙታኑ ይዛወራል፤ መቃብሮቹን በሥርዓት ቆፍሮ የሚያወጣው መንግሥት ነው። ያልገባ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ይበተናል፣ ሙታኑም ባሉበት ይቀራሉ። የሦስት መንደሮች ስም ቀርቧል፣ የሚገቡት ሁለት ናቸው። ኮሚቴው ውሃው ለመጨመሩ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ይፈልጋል።

ሰው ሁሉ ወደ ካስሙሪ ዞረ። ብስኩቱን ሲቀርጽ የሳቁበት ሁሉ በአንዴ በአክብሮት ያዩት ጀመር።

ሮፋህን እህቷ መሃል አገር፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ አንድ ክፍል አዘጋጅታ ከሁለት ዓመት በላይ ስትለምናት ኖራለች። ሮፋህ መልሷ አንድ ነው፣ ልጄን ለዓሣ ትቼ አልሄድም። ስለዚህ ዝርዝሩ ለሌላው መሬት ነበር፤ ለነሱ ግን ዋፊ ነው። ካስሙሪ ያንን ስለሚያውቅ ያን ሰሞን ምግብም በደንብ አይበላም።

ዘጠኝ መቶ ገደማ ፎቶ ነበረው። ደጋፊ እንጨት ካልተደረገለት ክዳኑ በማይቆም ላፕቶፕ ላይ ሦስት ሳምንት አጎንብሶ ሠራ። የሚሠራውን እየገለጠ ያሳየኝ ነበር። የጨለመውንና የበራውን ቀን ብርሃን ያቀራርባል። ከዚያ ፎቶዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ያጋጥማል፣ ሥዕሉ እንዳይዘል። ለማጋጠም ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር መያዝ አለብህ አለኝ፤ እሱ የመስጊዱን የኋላ ደረጃ ያዘ። ሲጋጠሙ ጠርዛቸው ስለሚንቀጠቀጥ ግራና ቀኙን ቆረጠው። በግራው ጠርዝ ላይ የዋፊ ምልክት ነበረ።

ስለ ጠርዙ ነው አለኝ ሳልጠይቀው። ኮሚቴው ፊልሙን የሚያይበት አዳራሽ ውስጥ ሮፋህም ትቀመጣለች፤ የልጇን ምልክት እንዳታይ መሆኑ ገባኝ።

ኮሚቴው ፊት የቀረብነው አሥራ አንድ ነን፤ የክት ባቲክ ሸሚዛችንን ተኩሰን፣ ሴቶቹ አዲስ መሸፈኛ ደርበው። ሰብሳቢው ፓክ ሄንዳርቶ፣ አቶ ሄንዳርቶ እንደማለት፣ የሚባል መሐንዲስ ነበር፣ ባለመነጽር፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ሻይ አስመጣልን። መብራቱ ጠፋና ፊልሙ ጀመረ።

መጀመሪያ ባሕሩ በማለዳ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አርባ ሰከንድ። አንዱ አሳለ። ከዚያ ቀኖቹ መሮጥ ጀመሩ። ደመናው ይጋልባል፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰዎች ደረጃው ላይ ብቅ ብለው ይጠፋሉ፣ ፀሐይ ውሃው ላይ ትዘላለች፣ ዝናብ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሥዕሉ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። እኔ ራሴ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። በመንደሬ ውስጥ ይህን ያህል የሚያምር ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር። ሲያልቅ ኮሚቴው አጨበጨበ።

መሐንዲሱ አመሰገነና የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፎቶ ጎን ለጎን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ካስሙሪ ደስ እያለው አሳየው። ግድግዳው ላይ ሁለት ሥዕል ቆመ። በግራው ውሃው ከሦስተኛው ደረጃ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነው። በቀኙም ውሃው ከሦስተኛው ደረጃ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነው።

ከዚያ ከኮሚቴው አንዱ፣ ሳይከፋ፣ እንደገረመው ሰው፣ «ውሃው እኮ ካለበት አልተነቃነቀም» አለ።

ካስሙሪ ግድግዳውን ያያል። አልገባውም። እኔ ግን ገባኝ። ያ ደረጃ የኔ ነው። ሦስተኛው ደረጃ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ያለው ሦስተኛ ደረጃ አይደለም፣ ያኛው ከነወንድሞቹ ከአዲሱ ሲሚንቶ በታች ተቀብሯል። ባሕሩ ሲወጣ እኔ ደረጃውን አወጣሁ፣ መንገዱን አወጣሁ፣ መቃብሮቹን አወጣሁ፣ ካሜራውንም በአንድ ሜትር ከሃያ አብሬ አወጣሁ። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ከውሃው ጋር እኩል ሲወጣ ውሃው ከየት ይጨምር? በሕይወቴ እንደዚያ አስተካክዬ ለክቼ አላውቅም።

ተነሳሁ። በእንዲህ ያለ ቦታ ተናግሬ አላውቅም።

«ፓክ፣ ወለሉን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሁለት ጊዜ። አንድ ሜትር ከአሥር ይሆናል። ካሜራውም አብሮ ነው የወጣው።»

«ስለዚህ ካሜራው ቦታውን ለውጧል ነው የሚሉኝ?»

«አዎ፣ ለውጧል።»

«ከለወጠ እንደ ማስረጃ ልይዘው አልችልም፣ አባቴ» አለ። «ካለወጠ ደግሞ ውሃው አልጨመረም። የቱን ልጻፍ?»

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። መልስ ቢኖረኝ ይጽፍልኝ ነበር።

ስንመለስ ክፍት መኪና ላይ ነበርን። ካስሙሪን የወቀሰው ሰው የለም። ቢሰድቡት ይሻል ነበር። ሐዲዱን ከነእቃው ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ፣ መንገዱን ሁሉ ቀና ብሎ አላየም።

በማግሥቱ እቤታቸው አጎንብሼ ገባሁ። ሮፋህ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ዓሣ ትሰነጥቃለች። ሌሊቱን ያሰብኩትን ካስሙሪን ጠየቅሁት፤ በዚያ ሥዕል ውስጥ እኔ ያላነሳሁት አንድ ነገር እንኳ የለም ወይ? ካስሙሪ ሮፋህን አየ። ከዚያ «አለ» ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ።

ያልተቆረጡትን ፎቶዎች ነበር የከፈተው። በግራው ጠርዝ የዋፊ ምልክት ቆሟል። በመጀመሪያው ቀን ደረቅ አፈር ላይ፣ ጉልበት ከፍታ። በሦስት መቶኛው ቀን እግሩ ረጥቧል። በስድስት መቶኛው ግማሹ የለም። በስምንት መቶ አሥራ አንደኛው ቀን ሦስት ጣት የምትሆን እንጨት ከውሃው በላይ ትታያለች። በስምንት መቶ አሥራ ሁለተኛው ውሃ ብቻ ነው።

ሮፋህ ቢላውን አስቀምጣ ቆማ ታይ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በየምሳው አለ ተብላለች።

«ሦስት ወር ሙሉ ልጄ ውሃ ውስጥ ነው» አለች። «አንተ እኔ ያቀረብኩትን ትበላለህ።»

እኔ ልወጣ ፈልጌ በሩ ዝቅ ማለቱ አሳፈረኝ፣ ጎንበስ ብዬ ሾልኬ የምሸሽ መሰለኝ፤ ቀረሁ። ሮፋህ እጇን በውሃ ታጠበች፣ አደረቀች፣ መሸፈኛዋን አስተካከለች።

«ይህንን አሳያቸው» አለችው። «ሳትቆርጥ።»

ሦስታችንም ሄድን። መሐንዲሱ በቢሮው ተቀብሎን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየ። ምልክቱ የጠፋበት ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ። የማን እንደሆነ ጠየቀ፣ ተነስቶም ሮፋህን አላህ ያጽናሽ አላት። ከዚያ ቁጭ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አዲስ መቃብር በራሱ እንደሚሰምጥ ነገረን። ሬሳው ላይ የሚጋደመው ሳንቃ ይበሰብሳል፣ አፈሩ ይወርዳል፣ ምልክቱም አብሮ ይወርዳል። ባሕሩ ስለመውጣቱ ይህ አያሳይም የሚል ሰው ቢመጣበት መልስ የለውም።

«ይህን ከእኔ ይልቅ ግንበኛው ያውቁታል» ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

አውቃለሁ። ሺህ ቀን የምንጠብቀውም እኮ አንዱ ለዚያ ነው፣ አፈሩ ወርዶ እንዲያልቅ። ግን ስንዝር ነው የሚወርደው፣ ስንዝር ተኩል ቢበዛ፤ ጉልበት የሚያህል እንጨት አይውጥም። ይህንን ማለት ነበረብኝ። ሮፋህ ዓይኗን አፌ ላይ ተክላ ትጠብቃለች፣ እኔ ግን በአዳራሹ የሆንኩትን አስቤ፣ ደግሞ ብናገር ደግሞ አበላሻለሁ ብዬ ፈርቼ፣ «ይሰምጣል» ብቻ አልኩ። ቀሪውን ሳልናገር ወጣን። እስካሁንም አልተናገርኩትም።

ዝርዝሩ በሁለተኛው ሳምንት ወጣ። የሌሎቹ የሁለቱ መንደሮች ስም ነበረበት።

ሰዉ መበተን ጀመረ። ከአርባ ሦስት ቤት አሥራ ስምንቱ ቀረን። ሮፋህ ሺኛውን ቀን እየቆጠረች ነበር። አንድ ጧት ኢማሙን ጠየቀችው፤ መንግሥት ካላወጣልን ራሳችን አውጥተን ይዘነው ብንሄድስ? ኢማሙ ሽማግሌ ነው፣ ብዙ አሰበ። ከውሃ ሥር ሬሳ ማውጣት እንደማይሆን ነገራት። ሬሳው ካልተገኘ ግን ከቀብሩ አንድ እፍኝ አፈር በነጭ ጨርቅ ተከፍኖ ቢወሰድ፣ ሄዶ በደረቅ መሬት ቢቀበር ይበቃል አለ። ከቀብሩ ይሁን እንጂ፣ ብሎ ደገመው።

ስለዚህ ሺኛው ቀን ላይ እኔ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ካስሙሪ ለመግባት ተነስቶ ነበር፣ ግን ቦታውን የሚያውቀው ካሜራው ብቻ ነው፣ ካሜራውን የሚያውቀው ደግሞ እሱ ነው። ያን ሰሞን የምዕራቡ ነፋስ የመቃብሩን አጥር ገንድሶ ጭቃውን ከወዲያ ወዲህ አመላልሶታል። ከልጆቹ ረድፍ አንድም የቆመ ነገር የለም። በአንደኛው ቀን ፎቶ ላይ ምልክቱ የት እንደነበር ስልኩ ላይ እያየ፣ ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ እንዲመራኝ ተስማማን።

ጧት ነው፣ ውሃው ዝቅ ያለበት ሰዓት፤ ቢሆንም እምብርቴ ደርሷል። ቀርከሃ ይዤ እየሄድኩ እሱ ከበረንዳው ይጮሃል።

«ግራ፣ ካንግ። ትንሽ ግራ። በቃ፣ አሁን ቀጥ ብለህ ሂድ።»

ቀጥ ብዬ ሄድኩ። ግን እስከ የት? ካሜራ ግራና ቀኝ ይነግርሃል እንጂ ምን ያህል ርቀህ መቆም እንዳለብህ አይነግርህም። ቀድሞ አፈሩ ይታይ ስለነበር የምልክቱን እግር አይተህ ታውቅ ነበር፤ አሁን ያለው ጠፍጣፋ ውሃ ነው። ካሜራው ደግሞ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሜትር ከአሥር ወጥቷል፣ በኔው እጅ። ካስሙሪ ወደፊት ሲለኝ ወደፊት፣ ወደኋላ ሲለኝ ወደኋላ እላለሁ። በኋላ ላይ እሱም ርቀቱን እንደማያውቀው ገባኝ።

በእግሬ ጭቃውን ዳበስኩ። በቀርከሃው ወጋሁ። ዛጎል አገኘሁ፣ የፌስታል ጉማጅ፣ የአጥሩን ጡብ። እንጨት የለም። ሦስት ጊዜ ተደፍቼ በእጄ ፈለግሁ። ውሃው ወደ ደረቴ መውጣት ጀመረ፣ የውሃው ጉልበትም ወደ ቀኝ ይገፋኛል። ሮፋህ በረንዳው ጠርዝ ላይ ነጩን ጨርቅ በሁለት እጇ ዘርግታ እንደያዘች ነበር፣ ከጀመርን ጀምሮ አላወረደችውም። ክንዷ እንዴት እንዳልዛለ አላውቅም።

አራተኛ ጊዜ ተደፋሁ። ከሥር እጄ የነካውን ጭቃ ዘገንኩና ወጣሁ።

ወደ በረንዳው ስደርስ ካስሙሪ ዓይኑን ከካሜራው አላነሳም። ስደፋ የት እንደነበርኩ አይቷል። ከመስመሩ ሁለት ሜትር ወደ ቀኝ ወጥቼ ነበር፣ ምንም ቀብር ወዳልነበረበት።

«ካንግ፣ አገኘኸው?» አለችኝ ሮፋህ።

«የምልክቱ ሥር እጄን ነካኝ» አልኳት።

አላመነችኝም። ቢሮ ውስጥ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ፣ ለምን ታምነኛለች። ወደ ባሏ ዞረች።

«የዋፊ አባት፣ መስመሩ ላይ ነው?»

ካስሙሪ ቀና አለ። ዓይኑ ዙሪያ የካሜራው መመልከቻ ጎማ ክብ ሠርቶበታል። እኔን አየኝ፣ ጭቃውን አየ፣ ከዚያ እሷን።

«መስመሩ ላይ ነው» አላት።

ጭቃውን ከእጄ ላይ ወደ ጨርቁ ገለበጥኩት። ሮፋህ አራቱን ጫፍ አንድ በአንድ አጠፈች፣ አሰረች፣ ወደ ደረቷም አስጠጋችው። ውሃው ከጨርቁ እየወጣ በቀሚሷ ላይ ይወርዳል። መሸፈኛዋን ከራሷ አወለቀችና በላዩ ደረበችበት።

«በርዶታል» አለች።